ዐሥራ ሰባተኛው ችካል

ጥድ አፋፍ፣ ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ የብርጓል፣

ሾፌሩ ፈንታ መኪናውን አስነስቶ በር ላይ ቆሟልና ሰላምታዬን አሳጥረዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ላሚቱ ወልዳለች። የኪዳነ ምሕረት ጣራም ክረምቱን ሳያፈስ ከረመ። ፈንታ ይጠብቅ፤ ነገሩ ብዙ ነው።

ሰዎቻችሁ መጡ። «የልጅዎ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ነን» ብለው መስቀል ሲሳለሙ ደረቴ እንዴት እንደተነፋ ብታዪ! የቡድኑ መሪ ታረቀኝ ጨዋ ልጅ ነው። ሥራቸው ግን አልገባኝም። አንዱ ትልቅ መዶሻ ያነሣና መሬት ላይ የተነጠፈ ብረት ይመታል። ከመምታቱ በፊት ማንም እንዳይናገር፣ ማንም እንዳይራመድ ይታዘዛል። ሁላችንም እንደ ቅዳሴ ሰዓት ጸጥ አልን። ጎረቤታችን አወቀ ግን አህያውን ዝም ማሰኘት አልቻለም፤ ልክ መዶሻው ሲወርድ አናፋች። እንደገና ተመታ፤ እንደገና አናፋች። ታረቀኝን «ለመሆኑ ምን ልትሰሙ ነው?» ብለው «መሬት የምትመልሰውን» አለኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ መሬት ስትቀበል እንጂ ስትመልስ አላየሁም።

ሰዉ ፈርቶ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። አልፈራም፤ ጓጓ እንጂ። ሸለቆው በየክረምቱ እየሸረሸረ የሚያወጣውን ጥቁር ድንጋይ ታውቂዋለሽ፤ ልጆች እሳት ውስጥ ጥለው ሲነድ የሚያዩትን። አሁን ወጣቱ ሁሉ ሥራ ይገኛል ብሎ አሰፍስፏል። አሮጊቶቹ ደግሞ ከእግራችን ሥር የሚነድ ነገር ካለ እንዴት አድርገን እንተኛለን ይላሉ።

ታረቀኝ ከሚለኩት መስመሮች አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ለጥግ ማለፍ አለበት ብሎ አስፈቀደኝ። ቄሰ ገበዝ ነኝና ፈቀድሁ። እስቲ አንቺ ደግሞ ንገሪኝ፤ ሳይቆፍሩ ከታች ያለውን እንዴት ያውቁታል? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ አስረጂኝ።

አባትሽ ቄስ ወልደ ገብርኤል

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

የማከብርዎ አባዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ ከፍቼ አህያዋ ጋ ስደርስ በሳቅ ፈነዳሁ፤ ሰዎቹ ዞረው አዩኝ። አህያዋ እዚህም ደርሳለች። ፈንታ ባመጣው መረጃ ውስጥ ድምጿ ተመዝግቦ አግኝቼዋለሁ፤ አንድ ቀን አሳይዎታለሁ።

የመዶሻው ነገር እንዲህ ነው። ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል። የአፈሩ ዓይነት በተለወጠበት ቦታ ሁሉ ጥቂቱ ተመልሶ ይመጣል። ቶሎ የተመለሰው ከቅርብ፣ የዘገየው ከሩቅ ነው። የሚቀጥለው ሥራ ግን በኤሌክትሪክ ነው፤ ለእኔ የሚበልጥብኝም እሱ ነው። ረጅም ገመድ ይዘረጋል፣ በየአምስት ሜትሩ የብረት ችካል መሬት ውስጥ ይገባል፣ ችካሉ ከአፈሩ ጋር እንዲገናኝ ጨው ያለበት ውሃ ይፈስበታል። እርጥብ ሸክላ ኤሌክትሪኩን በቀላሉ ያሳልፋል። የድንጋይ ከሰል ግን ያስቸግራል። የት እንዳስቸገረ እየተከተልን የከርሰ ምድሩን ሥዕል እንሠራለን። ወጌሻ ቆዳ ሳይቀድ አጥንቱ የት እንደተሰበረ በጣቱ ያውቅ የለ? እንደዚያ ይቁጠሩት።

አንድ ነገር ይወቁልኝ። እስከ ጥር መጨረሻ በሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ጥድ አፋፍ ብቻዬን እንዳነበው የተሰጠኝ የመጀመሪያው ቦታ ነው። የተፈቀደልን ቁፋሮ አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ የት እንደሚቆፈር የምወስነው እኔ ነኝ። ከሰል ከወጣ እቀጠራለሁ። ጭቃ ከወጣ «እናመሰግናለን» ተብዬ እሸኛለሁ። ስለዚህ ችካሎቹን እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁልኝ።

መቼ እንደምመጣም በፊት በጻፉልኝ ደብዳቤ ጠይቀውኛል። ከህንድ ትምህርቴን ጨርሼ ከተመለስኩ አምስት ወር ሆነኝ፤ አውቃለሁ። እናቴ ስታርፍ እዚያ ነበርኩ፤ አልቀበርኳትም። አሁን ደግሞ ያለ እሷ ያንን ቤት ማየት አቃተኝ። ይኸው ተናገርኩት፤ ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ።

ልጅዎ የብርጓል

ጥድ አፋፍ፣ ኅዳር 23 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ የብርጓል፣

አይጠይቁኝ ብለሻልና አልጠይቅም።

የወጌሻውን ምሳሌ ለሰዉ አስረዳሁት። አሁን ሁሉም ሊቅ ሆኗል። አወቀ በሬው ሲያነክስ «ኤሌክትሪክ እናሳልፍበት?» ይለኛል።

ሦስተኛው መስመር በኅዳር 20 በአጥሩ ጥግ አለፈ። አብሬያቸው ዋልሁ። ገመዱ ቢጫ ነው፤ በወይራው ሥር አልፎ እስከ ሸለቆው አፋፍ ይደርሳል። አንዱን ችካል በገዛ እጄ ተከልሁት። የጨው ውሃውንም እኔው ከጀሪካን አፈሰስሁበት። ልጆቹ ሥራቸውን ትተው ቆመው አዩኝ።

በማግሥቱ ኅዳር ጽዮን ነበረች። አራተኛው መስመር በአወቀ እርሻ ላይ የሚዘረጋበት ቀን። ሠራተኞቹ ከነአለቃቸው ከአንሙት ጋር ማለዳ ደጃፌ ላይ ተኮለኮሉ። ታረቀኝ ባትሪ ሊገዛ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ነበር፤ መሣሪያው ላይ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ የሩቅ አገር ሰው ነው፣ «ዛሬ ካልሠራን መረጃ የሚወስደው መኪና መጥቶ ባዶውን ይመለሳል» ይላል። ያንቺ ሥራ እንዳይስተጓጎል አሰብሁ። በጽዮን ቀን መሬት መውጋትም አይሆንም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉንም የሚያስማማ መላ አገኘሁ። ጽዮንም አልተሻረች፣ መኪናውም ባዶውን አልሄደም። መላውን ስትመጪ አጫውትሻለሁ፤ አባትሽ አሁንም ፍርድ ያውቃል ትያለሽ።

አባትሽ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

አባዬ፣ የደስታ ደብዳቤ ነው፤ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ከሰል አለ! ሦስተኛው መስመር ላይ ወፍራም ሆኖ ይታያል። ያ ብቻ ቢሆን አልደሰትም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ጥግ መሰርሰሪያ ማቆም አልፈልግም። ግን አራተኛው መስመር ላይም አለ! ያው ውፍረት፣ ያው ጥልቀት፤ ከአጥሩ ርቆ፣ በአወቀ እርሻ መካከል። አለቃዬ ኢንጂነር ኃይለ ሚካኤል ሥዕሉን አይቶ መነጽሩን አወለቀ፤ መነጽሩን የሚያወልቀው ደስ ሲለው ብቻ ነው ይላሉ። የጉድጓዱን ቦታ በአወቀ እርሻ ላይ አድርጌ ፈረምኩ። መሰርሰሪያው ከገና በፊት ይንቀሳቀሳል። አወቀን አደራ፣ ካሳው እንደማይቀርበት ይንገሩልኝ።

አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ። ዐሥራ ሰባተኛው ችካል ላይ፣ ከላይ ከላይ፣ አንዲት ጭረት አለች። ችካሉ የላላ አፈር ወይም የድንጋይ ክምር ውስጥ ሲገባ እንዲህ ይሆናል። «የችካል ስህተት» ብለን ከሥዕሉ እናጠፋዋለን፤ እኔም አጥፍቼዋለሁ። ግን የማወቅ አባዜዬን ከማን እንደወረስኩ ያውቃሉ። ጭረቷ በሁለቱም መስመሮች ላይ አለች። እዚያ ቦታ መሬቱ ላይ ምን አለ?

ደስ ያላት ልጅዎ የብርጓል

ጥድ አፋፍ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ የብርጓል፣

ደስታሽ ደስታዬ ነው። ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ለሰዉ ባላወራም ፊቴ አውርቶብኛል መሰለኝ፣ «ቄሰ ገበዝ ምን አገኙ?» እየተባልሁ ነው የሰነበትሁ። አወቀ ጤፉን ቀድሞ አጭዶ ቦታውን አጸዳ። መሰርሰሪያው የሚቆምበትን እንኳ እሾሁን ነቅሎ፣ እንደ አውድማ ጠርጎ ነው የጠበቃችሁ። ልጁ አሁን ከከተማ ሊመለስ ነው፤ ሥራ አለ ብሎ ጠርቶታል።

ያልሽውን ዐሥራ ሰባተኛ ችካል በአወቀ እርሻ ላይ ለክቼ ሄጄ አየሁ። ከአጨዳው የቀረ የጤፍ ቆረን ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ድንጋይም የለም። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ደግሞ ወይራው አለ። ወይራው ዘንድሮ ደህና ለምልሟል።

ከህንድ ስትጽፊልኝ እዚያ አገር የድንጋይ ከሰሉ ከመሬት ሥር ለዘመናት ይነዳል ያልሽው እውነት ነው? እንዴትስ ያጠፉታል? በሰፊው ጻፊልኝ።

አባትሽ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

አባዬ፣

የህንዱን እሳት ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። ፈንታን ዛሬውኑ ተመለስ ብዬ ለምኜ ነው ይህን የላክኩት።

በአወቀ እርሻ ላይ ምንም የለም ስላሉኝ እንቅልፍ አጣሁ። ምንም ከሌለ ጭረቷ ከየት መጣች? ሁለቱን ሥዕሎች ኮምፒውተሩ ላይ አነባበርኳቸው። አባዬ፣ ተመሳሳይ አይደሉም፤ አንድ ናቸው። መሬት ራሷን አትደግምም። በአርባ ሜትር ርቀት ላይ ያለ አፈር ዘመድ ይሆናል እንጂ ያው ራሱ አይሆንም። እኔ ግን ደስታ ዓይኔን ጋርዶት «ያው ውፍረት፣ ያው ጥልቀት» ብዬ እልል አልኩ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይሏል እኔን ነው።

በኅዳር ጽዮን ዕለት ያገኙት መላ ምን ነበር? ማንንም ለማስቀጣት አይደለም የምጠይቅዎ። መሰርሰሪያው ተጭኖ ወጥቷል፤ አማኑኤል ከተማ ሲደርስ አንድ ሁለት ቀን ያርፋል። ከዚያ በኋላ የፈረምኩበትን ቦታ ይቆፍራል።

ሌላም አለ። ስለ ዐሥራ ሰባተኛው ችካል ስጠይቅዎ ስለ ዛፉ ነገሩኝ፤ ስለ መሬቱ አልነገሩኝም። እኔ የጠየቅኩት ስለ መሬቱ ነው።

የብርጓል

ጥድ አፋፍ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ፣

ፈንታ እራት ሳይበላ ነው የጠበቀኝ። ሁለቱንም እነግርሻለሁ።

በጽዮን ዕለት አንሙትና ጓደኞቹ «አባታችን፣ ዛሬስ መሬት አንወጋም፤ ግን ሥራው ቢቀር ልጅዎንም እንጎዳለን፤ ምን ይሻላል?» አሉኝ። እኔም እንዲህ ስል ፈረድሁ፤ «አዲስ መሬት አይወጋ። ትናንት በሥራ ቀን የተወጋው ግን ተወግቷል። ችካሉን በትናንቱ ቀዳዳ መልሱት።» መለሱት። ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ አገሩን አልብሶት ነበር፤ ድንኳኑም በሁለቱ መስመሮች መካከል ነበርና መሣሪያው ላይ ያለው ልጅ ገመዱ ከየት እንደመጣ አላየም። አራተኛ ብሎ ጻፈው። አርባ ሜትር ምን ያህል ነው ብዬ ነበር። እዚህም መሬት፣ እዚያም መሬት። አንሙት ላይ አትፍረጂ፤ ፍርዱ የእኔ ነው። አንቺን እጠቅማለሁ ብዬ ነበር እኮ!

አሁን ደግሞ ስለ መሬቱ።

ዐሥራ ሰባተኛው ችካል ያረፈው ከእናትሽ እግር ሥር ነው።

ገመዱ ሲዘረጋ ምልክቱ እዚያ ወደቀ። አንሙት መዶሻውን ይዞ ቀጥ አለ። ሁሉም እኔን አዩኝ። የእኔ ሚስት መቃብር ነውና መስመሩ ይጠምዘዝ ብል፣ ቄሰ ገበዙ ለሌላው ሁሉ ፈቅዶ የራሱን አዳነ እባላለሁ። ለሌላ ሰው እጅም አልተውላትም። ተቀብዬው፣ ከድንጋዩ ክምር ጎን ቀስ ብዬ በእጄ ገፋሁት። አፈሩ ገና አልጠነከረም። ውሃውን ሳፈስበት «አመተ ማርያም፣ ልጅሽ ናት የላከችው» አልኋት። ምን ልበላት ሌላ?

ከወይራው ሥር፣ አጥሩ ጥግ የተቀበረችው ራሷ መርጣ ነው። ደብረ ማርቆስ ስትማሪ በየበዓሉ እየመጣች አንቺን የምትጠብቅበት ቦታ ነው፤ መንገዱ ከእግር እስከ ራስ ይታያል። በአምስት ወር ውስጥ የት እንዳረፈች አልጠየቅሽኝም። እኔም ተቀይሜ አልነገርሁሽም። ልጄን ተቀየምሁ፤ ይኸው እኔም ተናገርሁት።

እንግዲህ ከሰሉ ያለው በአወቀ እርሻ ሳይሆን በአጥሩ ሥር ከሆነ፣ ጉድጓዱን ወደዚያ ታመጪው ይሆናል። ሥራሽንም እንጀራሽንም የያዘው ያ እንደሆነ አውቃለሁ። እውነቱን ለአለቃሽ ንገሪው። እኔ አታምጪው አልልሽም። አምጪውም አልልሽም።

አባትሽ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

አባዬ፣

ለመጻፍ ይህን ያህል የዘገየሁት ደብዳቤዎን ስለማነብ ነው። ሥራ እየገባሁ አነበዋለሁ፣ ቤት ገብቼ አነበዋለሁ። አለቀስኩ። ባለመጠየቄ ይቅር ይበሉኝ። የት እንዳረፈች ከጠየቅኩ ማረፏ እውነት ይሆንብኛል ብዬ ነበር።

መሰርሰሪያው ቆሟል። አማኑኤል ከተማ፣ ነዳጅ ማደያው አጠገብ። ኢንጂነር ኃይለ ሚካኤል ዘንድ ገብቼ «የፈረምኩበት ቦታ ላይ ምንም መረጃ የለንም፤ አራተኛው መስመር አልተለካም» አልኩት። ለምን ሲለኝ የበዓሉን ነገር እንዳለ ነገርኩት። መነጽሩን አላወለቀም። «የሥራ ቀን ስናወጣ የአገሩን የበዓል ቀን ያልጠየቅን እኛ ነን» አለ። ቀጥሎ ግን «ፊርማው ያንቺ ነው፤ ራስሽ ሄደሽ ለኪ» አለኝ። ስለ ቅጥሬ ጠየቅኩት፤ «ከለካሽ በኋላ» ነው ያለው። አንሙትን ማንም አይነካውም፤ እንደውም አብሮኝ ቢሠራ እፈልጋለሁ።

ጉድጓዱን ወደ አጥሩ አመጣው እንደሆነ ሳይጠይቁኝ ጠይቀውኛል። ይኸው መልሴ። አንድ መስመር ከሰል እዚህ አለ ይላል እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይነግርም። ጥቁሩ ድንጋይ በሸለቆው በኩል ብቅ የሚል ከሆነ፣ ከአጥሩ ሥር ተነሥቶ ወደዚያ ይወርድ ይሆናል። እኔም ለማወቅ ጓጉቻለሁ። አራተኛውን በእውነተኛ ቦታው እለካለሁ። ከሸለቆው ወገን ሌሎች መስመሮች እጨምራለሁ። በዚያ በኩል ካገኘሁት እዚያ ይቆፈራል። ካላገኘሁት የለም ብዬ እጽፋለሁ፤ ቢያሰናብቱኝም። በአጥሩ ጥግ እንዳይቆፈር ግን ለአለቃዬ በጽሑፍ ሰጥቻለሁ፤ «መካነ መቃብር» ብዬ፣ ከነቦታው።

ያጠፋሁትን ጭረትም መለስኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እያየኋት «ስህተት» ስላት ኖሬያለሁ። እሷ ባትኖር ኖሮ ሁለቱ መስመሮች አንድ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። የአወቀን እርሻ በከንቱ እንቆፍር ነበር። ሰው ሁለት ቦታ አይቀበርም፤ በዚህ ያዝኳችሁ።

ሦስተኛውን መስመርም ለማመሳከር እንደገና እለካዋለሁ። ከገና በፊት መድረስ እፈልጋለሁ። በዓል ያልሆነ ቀን ይምረጡልኝ።

የብርጓልዎ

ጥድ አፋፍ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ የብርጓል፣

በዓል ያልሆነ ቀን ምረጡልኝ ትያለሽ፤ የቄስ ልጅ ሆነሽ በዚህ አገር በዓል የሌለው ቀን አለ ብለሽ ነው? ዛሬ ማርያም ናት። ሰኞ ተክለ ሃይማኖት፣ ከዚያ መድኃኔዓለም፣ ከዚያ አማኑኤል፣ ከዚያ ልደት። በ25 እና በ26 ግን ይታረሳል፤ በእነዚያ ድረሺ። አወቀ እርሻውን እንደጠረገ ነው፤ ለእውነተኛው መስመር ይሆነኛል ብሏል። አንሙት «ልጅዎ ስትመጣ ፊቷን እንዴት አያለሁ?» እያለ ሲጨነቅ ሰነበተ፤ ደብዳቤሽን አነበብሁለት። አሁን መዶሻውን እየወለወለ ነው።

የሦስተኛውን መስመር ቀዳዳዎች ከብቱ ረግጦ ደፍኗቸዋል። ያችን አንዷን ግን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድኛት ነበር፤ ለምን እንደከደንኋት ያን ጊዜ አላወቅሁም። ዛሬ ከቅዳሴ ወጥቼ አነሣሁት። እንዳለች ናት። ዐሥራ ሰባተኛውን ችካል አንቺ ትተክይዋለሽ። መኪናው ተበላሽቶ፣ መንገዱ ከፍቶ፣ በልደት ማለዳ እንኳ ብትደርሺ አትጨነቂ፤ ቀዳዳው ክፍት ነው፣ አዲስ መሬት አትወጊም።

አባትሽ